ጃማ ሜዳ ላይ የምትጮኸው የሣር ወፍ፦ ዚቲንግ ናት ወይስ ደረተ ነቁጥ?

መነሻ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለወሎ ልጆችና ወፍ ለሚከታተሉ ሁሉ ነው።

ጃማ ሜዳ ላይ ክረምቱ ሲጠብቅ ከሣር ውስጥ ብድግ ብላ ሰማይ ላይ የምትጮህ ሚጢጢ ቡናማ ወፍ አለች። ከደሴ ተነስቶ በወረኢሉ በኩል ወደ ደጎሎ የሄደ ሰው ሳይሰማት አይቀርም። ልብ ያላት ሰው ግን ጥቂት ነው። መጽሐፍ ስገልጥ ሲስቲኮላ ከሚባሉት ትንንሽ ቡናማ የሣር ወፎች ሁለት ዘመዳሞች ይመጡብኛል። አንደኛዋ ዚቲንግ ሲስቲኮላ ናት። ሁለተኛዋ ፔክቶራል ፓች ሲስቲኮላ። ሁለተኛዋን ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ደረተ ነቁጥ እላታለሁ። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ደረቱ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ጠቆር ያለ ነቁጥ ያወጣል።

ሁለቱም አሥር ግራም ገደማ ናቸው። ጀርባቸው ዝንጉርጉር፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ፣ ጅራታቸው አጭር። ሁለቱም ሣር ውስጥ ሲገቡ ምድር የዋጠቻቸው ይመስላል።

የእኔ ግምት ደረተ ነቁጥ ናት ነው። ጃማ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው፣ ሣሩም በበግና በከብት ተግጦ አጭር ነው። የሚቃወም ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው መልስ፣ ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው የመጨረሻውን ብቻ አንብቦ ጥያቄውን ከሀ ይጀምረዋል። ስለዚህ የተባለውን በቁጥሩ ቅደም ተከተል በራሴ አባባል አስቀምጬዋለሁ። የጻፉትን ሰዎች ስም አልጠራሁም። ስቲከርና ስድብ ቆርጫለሁ፤ ስድቡ ብዙ አልነበረም፣ ግን ነበረ።

1ኛው መልስ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ፎቶ ጠየቀ። 2ኛውም ፎቶ ጠየቀ። ያለኝን ለጠፍኩ። 3ኛው ፎቶውን አጉልቶ አይቶ የበሬ እበት ይሁን ወፍ አልለየሁትም አለና ሦስት ሰዎች ሳቁበት። እውነቱን ለመናገር የዚህች ወፍ ፎቶ በስልክ ሲነሳ እንዲያው ነው። ደግሞ ፎቶው ጥርት ቢልም ብዙ አይፈይድም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

ነገሩን መስመር ያስያዘው 4ኛው ነው። ላሊበላና አቡነ ዮሴፍ አካባቢ እንግዳ የሚያስጎበኝ ልጅ ነው። ፎቶውን ተውትና አበራረሩን ንገሩኝ አለ። እሱ እንዳስረዳው የዚቲንግ ወንድ ክልሉን እየዞረ የሚበረው ከፍ ዝቅ እያለ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ጊዜ ዚት ይላል። ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ሲል ሌላ ዚት። በመካከሉ አንድ ሰከንድ ገደማ አለ። ወፏን ሳታዩ እንኳ ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ የበረራውን ቅርፅ አየር ላይ በጣታችሁ መሳል ትችላላችሁ ብሏል። ሞክሬዋለሁ፣ ልክ ነው።

የደረተ ነቁጥ ወንድ ሌላ ዓይነት ነው። በጣም ከፍ ይላል። አንገት እስኪያም ሽቅብ አይታችሁ ትንሽ ነጥብ ብቻ ትታያችኋለች። እዚያ ላይ ሆኖ ያለዚያ የተመጠነ ከፍ ዝቅ ይዘዋወራል፤ ቀጭን ድምፁንም ቶሎ ቶሎ ይደጋግማል። ሲበቃው ቁልቁል ይወረወርና ሣሩ ጋ ሲደርስ ብቻ ይስተካከላል። አስጎብኚው ጨምሮ ጅራቱን ተመልከቱ አለ። የዚቲንግ ጅራት ስትበር እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ ጫፉ ነጭ፣ ከነጩ በፊት ደግሞ ጥቁር መስመር ይታያል። የደረተ ነቁጥ ጅራት በመራቢያ ወቅት በጣም ከማጠሩ የተነሳ ወፏ ጅራት የሌላት ትመስላለች።

እስካሁን ከመጡት ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው መልስ ይህ ነው። ቀሪው ክር በእሱ ዙሪያ የተደረገ ክርክር ነው ብል አላጋነንኩም።

5ኛዋ የግብርና ባለሙያ ናት። በትሕትና ጀምራ ግምቴን ግማሹን ጣለችው። ከፍታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አለች። የሁለቱ ወፎች ክልል በብዙ ቦታ ይነባበራልና ደጋ ስለሆነ ደረተ ነቁጥ ናት ማለት አያስኬድም። የሣሩ ቁመት ግን የተሻለ ምስክር ነው ብላለች። ዚቲንግ ጉልበት የሚደርስ ሣር፣ የማሳ ዳር፣ የቦይ ጠርዝ፣ ሰንበሌጥና ቄጠማ ያለበት ትወዳለች። ደረተ ነቁጥ አጭር ሣር፣ ሰርዶ ያለበት ገላጣ መስክ ትመርጣለች። የሣሩን ነገር ተቀብያለሁ። የከፍታውንም ነገር ከሣሩ ጋር ካልተያዘ አልከራከርበትም።

6ኛው መልስ ረጅም ነው። የጻፉት ወረኢሉ አካባቢ የሚኖሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ እርሳቸው እየነገሩ የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። መጽሐፍ አላገላበጡም፣ የሲስቲኮላንም ስም እዚሁ ክር ላይ ነው የሰሙት። ነገር ግን ሁለት ወፎች እንዳሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። በጎች የሚሰማሩበት መስክ ላይ አንደኛዋ ትወጣለች። ለቤት ክዳን ተብሎ በተጠበቀው ሰንበሌጥ ውስጥና በማሳው ቦይ ዳር ሌላኛዋ። እረኛ ሳሉ ሁለቱን በድምፃቸው ይለዩ ነበር። ለይቶ መጥራት ግን ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም፤ ሁሉም የሣር ወፍ ነው የሚባለው።

ከዚያ ወደ ጎጆው ገቡ። እዚህ ላይ ለወፍ አዋቂዎቹ ሁሉ አዲስ የሆነ ሳይሆን እነሱ ከመጽሐፍ የሚያውቁትን እኚህ ሰው በማጭዳቸው ያገኙት ነገር መጣ። ሰንበሌጥ ሲያጭዱ የሚያገኙት ጎጆ አፉ ወደ ላይ የሆነ፣ ጠበብ ያለ ከረጢት ነው። ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። ሕይወት ያላቸው የሣር ቅጠሎች አንድ ላይ ተስበው በሸረሪት ድር ተሰፍተዋል። ለዚህም ነው ከሣሩ ጋር አብሮ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየውና ዓይን የማይገባው። በመስኩ ያለው ጎጆ ግን ድቡልቡል ነው፣ ወደ መሬት የተጠጋ፣ አፉ በጎን በኩል፣ ከላዩ ሣር የጎነበሰበት። የመጀመሪያው የዚቲንግ፣ ሁለተኛው የደረተ ነቁጥ ነው። አስጎብኚው በኋላ መጥቶ ልክ ነው ሲል አረጋግጦላቸዋል።

ይህን ሳነብ ለምን ሁለት መጽሐፍ ገዛሁ ብያለሁ።

7ኛውና 8ኛው ምስጋና ናቸው። 8ኛው ግን አዛውንቱን አንተ ብሎ ጻፈ። 9ኛዋ ወዲያው ተቆጣች። የልጅ ልጅ አስጽፈው እየነገሩን አንተ ይባላሉ ወይ፣ ኢንተርኔት ላይ ሲገባ አስተዳደግ ይረሳል ወይ ብላ ወረደችበት። ትንሽ በዛ። 10ኛው ያው 8ኛው ሰውዬ ነው። አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከስልኬ ነው፣ በልማድ ነው ብሎ ጻፈ። አዛውንቱ በልጅ ልጃቸው በኩል አብሽር ልጄ ብለው ዘጉት። ጉዳዩ እዚያው አበቃ።

11ኛው ከቆቦ ነው። እሱ ዘሩን መለየቱ ብዙም አላሳሰበውም። ይልቅ እነዚህ ወፎች ማሽላና ጤፍ ይበላሉ ወይ፣ የሚበሉ ከሆነ ምን ብለን እንከባከባቸዋለን ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የ12ኛው አመላለስ ግን ተገቢ አልነበረም። ሲስቲኮላን ከግሪሳ ጋር ማምታታት እንዴት ያለ ነገር ነው፣ መንቁር አይታይም ወይ ብሎ በፉገራ ጻፈ።

በ13ኛው የቆቦው ሰው ተመለሰ። ተናዷል። ከተማ ተቀምጦ በወፍ መንቁር መቀለድ ቀላል ነው፤ ግሪሳ አንድ ጊዜ ካረፈ የዓመት ቀለብ በአንድ ቀን የሚያልቅበትን ገበሬ ጠይቁ አለ። ልጆች ትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው የሚውሉበት ሀገር ነው ብሏል። በ2013 መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦንና ሀብሩን ሲያጠፋ ወፉም አንበጣውም ለገበሬው አንድ ጠላት እንደነበሩ አስታወሰን። በዚህ ነጥብ ከ12ኛው ይልቅ ከእሱ ጋር ነኝ። ሰውዬው የጠየቀው ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

14ኛዋ የኮምቦልቻ መምህርት ናት። ሁለቱንም ሳትነካ ነገሩን አበረደችው። ሲስቲኮላዎች የሚበሉት ትንንሽ ነፍሳትና ሸረሪት ነው። መንቁራቸው ቀጭንና ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ እህል ለመፈልፈል የተሠራ አይደለም። የግሪሳ መንቁር ወፍራምና አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ግሪሳ በመንጋ፣ ሰማይ እስኪጠቁር ይመጣል። ሲስቲኮላ በመራቢያ ወቅት ወንዱ የራሱን ክልል ይዞ ሌላ ወንድ ሲጠጋው የሚያባርር ነው። ማሳ ውስጥ ብታዩት እንኳ እህሉ ላይ ያለውን ትል ፍለጋ ነው ብላለች። የቆቦው ሰው ለዚህ ልብ ሰጣት። ለ12ኛው አልሰጠም።

15ኛውና 16ኛው አንበጣን በወፍ ማጥፋት ይቻላል ወይ የሚል ነገር አመጡ። አሥር ግራም የምትመዝን ወፍ የአንበጣ መንጋ አታጠፋም። ይህን ሁሉም ያውቃል። አልፌዋለሁ።

17ኛው ጀርመን የሚኖር ወሎዬ ነው፤ ታሪክ ይወዳል። ደረተ ነቁጥን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ስም የሰየማት ጀርመናዊው ተጓዥ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ነው፣ ዓመቱም 1862 እ.ኤ.አ. ነው ሲል ጻፈ። ሆይግሊን በዚያው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ከጎንደር ተነስቶ ወሎ ድረስ ዘልቆ ዓፄ ቴዎድሮስ ከሠፈሩበት ደርሷል። ሰውየው ከዚህ ተነስቶ ወፏ የወሎ ናት፣ የእኛ ናት ወደሚል ድምዳሜ ሮጠ። 18ኛው ልጓም አስገባለት። ሆይግሊን ወሎ ረገጠ ማለት ወፏን ወሎ አገኛት ማለት አይደለም፣ ደግሞስ ከኬንያ እስከ ካሜሩን ደጋዎች ድረስ የምትኖር ወፍ የማን ናት ብሎ መለሰ። ዚቲንግ ደግሞ ጭራሽ ከፖርቱጋል እስከ ሰሜን አውስትራሊያ የተዘረጋች ናት። ስሟን የሰጣት ራፊኔስክ ነው፣ በ1810፣ ሲሲሊ በሚኖርበት ዘመን። የ17ኛው ሰው ፍቅር ይገባኛል። ክርክሩን ግን 18ኛው አሸንፏል።

19ኛው ሰው ይህን የታሪክ ወሬ ይበልጥ አጣፈጠው። ሂዩበርት ላይንስ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አድሚራል ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቷል። መርከቡን ከተወ በኋላ አፍሪካን እየዞረ የተመለከተው ሲስቲኮላዎችን ነው። ወደ 50 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉትን ይህን ወገን፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ቡናማ ወፍ ሁሉ የሚጠራቀምበትን፣ መልክ ያስያዘ ትልቅ ሥራ በ1930 አሳተመ። እሱም የደረሰበት ነገር አስጎብኚያችን ካለው አይርቅም። ላባቸው ሲመሳሰልባችሁ ድምፃቸውን፣ በረራቸውንና ጎጆአቸውን ተመልከቱ ነው።

20ኛው ለምን የፈረንጅ ታሪክ ብቻ ይወራል ብሎ ተቆጣ። 21ኛዋ ታዲያ አንተ የወሎውን ጻፍልን፣ ስድስተኛው መልስ ላይ አባባ ጽፈውልናል፣ አንተ ግን እስካሁን አንድ ወፍ አልጠራህም ብላ አፉን አስያዘችው። ዝም አለ። ጥሩ መልስ ነበር።

22ኛው ላይ ወደ ጉዳያችን ተመለስን። አንድ ልጅ በስልኩ የቀዳውን ድምፅ ላከ። ሦስት አራተኛው ነፋስ ነው። ከነፋሱ ጀርባ ግን ዚት ይሰማል፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ዚት። 23ኛው፣ አስጎብኚያችን፣ ሰምቶ ያለማወላወል ዚቲንግ ናት አለ። ክሩ ላይ ጭብጨባ ሆነ። ግምቴ የተረታ መሰላቸው። ከዚያ 24ኛው መጣ። ድምፁን የላከው ራሱ ልጁ ነው። የቀዳው ጃማ ላይ ሳይሆን ኮምቦልቻ ወረድ ብሎ፣ ከማሽላ ማሳ ዳር፣ ረጅም ሣር ያለበት ቦይ ላይ መሆኑን ተናገረ። ይህን መጀመሪያ ቢናገር ምን ነበረበት? ያም ሆኖ ድምፁ ጠቅሞናል። ዚቲንግ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት ለማያውቅ ሰው ከዚያ የተሻለ ማስተማሪያ የለም፤ ነፋሱን ታግሶ ለሰማ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ላይ የሚጫን የወፍ ድምፅ መለያ አፕ አለ። በሜዳ ነፋስ ላይ ግን ብዙ አትመኩበት። ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ፣ ስልኩን በሰውነታችሁ ከልላችሁ ቅዱ።

25ኛዋ ሦስተኛ እጩ አመጣች። የኢትዮጵያ ሲስቲኮላ የምትባለዋ ናት። ከሁለቱ ተለቅ ትላለች። አናቷና ክንፏ ላይ ቀይ ቡናማ አለባት፣ ጀርባዋ በወፍራሙ ጥቁር ሰረዝ አለው። ረግረግና ቄጠማ አካባቢ፣ ግንድ ጫፍ ላይ በግልጽ ወጥታ ትቀመጣለች። ሰማይ ላይ ወጥቶ መጮህ ዋና ልማዷ አይደለም። እኔ የጠየቅሁት ሰማይ ላይ ስለምትጮኸዋ ስለሆነ ከእጩነት ትወጣለች። ግን ማስታወሷ ደግ ነው። ሐይቅና አርዲቦ ዳር ቄጠማ ውስጥ ቡናማ ወፍ ያየ ሰው ሁሉ ዚቲንግ አየሁ እንዳይል ይጠቅማል።

26ኛው ቆንጆ ፎቶ ለጠፈ፤ ጉሮሮዋ ቢጫ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ሐብል ያላት የመስክ ወፍ። ይቺ ናት ወይ አለ። ከሁሉ ፎቶ ብዙ ልብ ያገኘው ይህ ነው። 27ኛው አይደለችም፣ እሷ የሐበሻ ሎንግክሎው ናት አለ። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ወፍ ናት፤ ዝምድናዋ ከሲስቲኮላ ጋር ሳይሆን ውኃ ዳር ጅራቷን ከምትወዘውዘው ወፍ ጋር ነው። መጠኗም ከሲስቲኮላ እጥፍ ይበልጣል። በተመሳሳይ መስክ ስለምትገኝ ሰው ያምታታታል እንጂ መልኳ አይገናኝም። ፎቶው ግን ይቆይ፣ አላነሳሁትም። እንደዚያ ያለ ፎቶ በየቀኑ አይመጣም።

ከ28ኛው ጀምሮ ክሩ ከረር አለ። 28ኛው የአዲስ አበባ ሰው ይመስለኛል። የወሎን ሣር ያጠፋው በግ ነው፣ ልቅ ግጦሽ ካልቆመ እነዚህ ወፎች ያልቃሉ ብሎ ጻፈ። 29ኛዋ የግብርና ባለሙያዋ ናት፤ ከ5ኛው ጋር አንድ ሰው ናት። ልቅ ግጦሽ አፈር እንደሚያስጠርግ፣ ተዳፋቱን ከልሎ ሣሩን አጭዶ ማብላት ውጤት እንዳመጣ ከሥራዋ ተነስታ አብራራች። እሷም ቢሆን በጉን ሙሉ በሙሉ አልኮነነችም።

30ኛው አዛውንቱ ናቸው። ክሩን ይከታተሉ ኖሯል። የእርሳቸው ነገር ቀጥታ ነው። በግ የማይግጠው መስክ ላይ የመስኩ ወፍ አትኖርም። ሣሩ ከጉልበት ሲያልፍ ትታ ትሄዳለች፣ በቦታው የሰንበሌጧ ትገባለች። እርሳቸው መንደር አጠገብ የተከለለ ቦታ ላይ ይህንኑ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ በጉን አታሳድዱ፣ ክልሉንም አታፍርሱ፤ ሁለቱም ይኑሩ ነው የሚሉት። ወፎቹን የሚያጠፋው ግን ሌላ ነው ብለዋል። የወል መስኩ ተቆራርሶ ሲታረስ አንዷም አትተርፍም። ባሕር ዛፍ ሲተከልበትም እንደዚያው። ድሮ ከብት የሚውልበት ሜዳ ዛሬ ግማሹ ስንዴ፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ መሆኑን ሰውም ስለተቸገረ እንጂ ስለጠገበ ያደረገው እንዳልሆነ ጨምረዋል። መጨረሻ ላይ ለአጫጆች የሚሆን ነገር ተናገሩ። ሣር ሲታጨድ ወፏ ከአንድ ቦታ እየተነሳች ካስቸገረች እዚያ ጎጆ አለ ማለት ነውና ያቺን ጉብታ ዘልሎ ማጨድ ነው። የሚጎድለው አንድ እቅፍ ሣር ቢሆን ነው።

31ኛው፣ ማለትም የ28ኛው ሰው፣ እንግዲያው አፈር ይጠረግ ነው የምትሉት ብሎ ጠመጠመ። ማንም እንደዚያ አላለም። 32ኛዋ፣ የኮምቦልቻዋ መምህርት፣ 30ኛውን ደግመህ አንብብ ብላ ብቻ አለፈች። እኔም ሌላ የምጨምረው የለኝም። ከርቀት ሆኖ ስለ ሣር የሚጻፍ ነገር አንድ ችግር አለው፤ ሣር ሁሉ አንድ ይመስላል። አጭሩን የምትፈልግና ረጅሙን የምትፈልግ ሁለት እህትማማች ወፎች እያሉ ሣሩን አድኑ ብቻ ማለት የትኛውን ሣር ያስብላል።

33ኛው ከደስታችን መሐል ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ወንዱ ሲዘምር ነው አለ። ሴቶቹን፣ ጫጩቶቹን፣ ከመራቢያ ወቅት ውጭ ደግሞ ወንዶቹንም በመልክ መለየት እጅግ ከባድ ነው። በበጋ ሁለቱም ዝንጉርጉር ላባ ያወጣሉ፣ ጅራታቸው ይረዝማል፣ የደረቱም ነቁጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ ጥር ላይ ጃማ ሄዶ ቡናማ ሚጢጢ ወፍ ያየ ሰው በማስታወሻው ሲስቲኮላ ብሎ ብቻ ቢጽፍ ያስከብረዋል። ፎቶ ብዙ አይፈይድም ያልኩትም ለዚህ ነው። 12ኛው ሰው እዚህ ጋ ብቅ ብሎ የዚቲንግ ጎን ላይ ያለው ጡብ ቡናማ ቀለም በበጋም ይለያታል አለ። አስጎብኚው በአንዲት መስመር መለሰለት፤ እጅህ ላይ ይዘሃት ከሆነ ምናልባት፣ በሃምሳ ሜትር ርቀት ግን አይሆንም።

34ኛው የጠበቅሁት ነው። ደጎሎ የሚኖር አንድ ወጣት ነሐሴ ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዋልካው ጫማውን እየጎተተው ሜዳው ላይ ቆሞ ያየውን ጻፈ። በግ የጋጠው አጭር ሣር ነው። ወፉ ከሣሩ ተነስቶ በጣም ከፍ አለ። ከፍ ዝቅ የሚል ነገር የለውም፤ ድምፁ የተቀጣጠለ ነው። ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ። ሲያርፍ አቅርቦ ባየው ጊዜ ጅራቱ ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። በዓይኑና በመንቁሩ መካከል ጠቆር ያለ ነገር አይቷል። ደረቱ ላይ ያለውን ነቁጥ ግን አየሁ ብሎ አልዋሸም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ከዚያው ሜዳ ጠርዝ፣ ማሳው ውኃ እንዲያፈስ በተቆፈረው ቦይ ዳር፣ ሰንበሌጥ ካለበት ደግሞ ሌላ ወፍ ከፍ ዝቅ እያለች ዚት ስትል ሰምቷል።

አስጎብኚው 35ኛ ሆኖ ፈረመበት። መስኩ ላይ ያለችው ደረተ ነቁጥ፣ ቦይ ዳር ያለችው ዚቲንግ ናት። ሁለቱም በአንድ ሜዳ፣ በተለያየ ሣር። አዛውንቱ በ6ኛው መልስ ያሉትም ይኸው ነበር። አስጎብኚው አንድ ማሳሰቢያ አክሏል። ወፉን ለማቅረብ ብላችሁ በመራቢያ ወቅት የተቀዳ ድምፅ በስልክ ደጋግማችሁ አታሰሙ። ወንዱ ሌላ ወንድ የመጣበት መስሎት ጉልበቱን ያባክናል።

36ኛው ከደሴ መናኸሪያ ወደ ደጎሎ መኪና በስንት ሰዓት ይነሳል ብሎ ጠየቀ። በማለዳ ድረስ፣ እስኪሞላ ትጠብቃለህ ተብሎ ተነግሮታል። ቦቲ ጫማ ይያዝ።

37ኛው የቆቦው ሰው ነው። ስለ ግሪሳ የምር የሚወራበት ቦታ ይሰጠን ብሏል። ተገቢ ነው። ለብቻው ክር ከፍቼለታለሁ፤ መምህርቷም እዚያ ገብታለች። ስለ ግሪሳ ከእንግዲህ እዚህ የሚጻፍ መልስ ወደዚያ ይዛወራል።